የመብራትና የቡታ ጋዝ ወጪን መቀነስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ከፍ እያለ ነው። የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ማስሞላትም ከወር አስቤዛው ላይ ጎላ ያለ ድርሻ የሚወስድ ወጪ ሆኗል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ጎረቤቶች፣ ዘመዶችና የሥራ ባልደረቦች ደጋግመው ያነሱልኝ ናቸው። መልሶቹን ስጽፍ ያሰብኩት የአዲስ አበባንና የመሰሎቿን ከተሞች ኑሮ ነው። ታሪፉ ስለሚለዋወጥ ስሌቱን በብር ሳይሆን ቆጣሪው በሚቆጥርበት መለኪያ በኪሎዋት ሰዓት ሠርቼዋለሁ፤ በራስዎ ቢል ላይ ባለው ዋጋ ቢያባዙት የብሩን ልክ ያገኙታል።

ቢሉን የሚያንረው የትኛው ዕቃ ነው?

ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ ሁሉ ነው። ምጣድ፣ የመታጠቢያ ቤት ውሃ ማሞቂያ፣ ምድጃ፣ ካውያ። የሚያበራው፣ የሚያወራውና ምስል የሚያሳየው ዕቃ ከእነዚህ አጠገብ ሲቆም በጣም ትንሽ ነው የሚወስደው።

የተለመደው የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። ቴሌቪዥን ከ50 እስከ 100 ዋት፣ የኤልኢዲ አምፖል ደግሞ 9 ዋት ገደማ ነው። በብዙ ቤት ግን ጭቅጭቅ የሚነሳው በስልክ ቻርጀር ነው፤ «ስልክህን ንቀል፣ ቢሉ በአንተ ነው የናረው» ይባላል። እስኪ እናስላው። የዘመኑ ስልክ ከባዶ ተነስቶ እስኪሞላ፣ ከብክነቱ ጋር 23 ዋት ሰዓት ቢወስድ፣ ወሩን ሙሉ በየቀኑ ሲሞላ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ምጣዱ ይህንኑ በ12 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ገና ግሎ የመጀመሪያው እንጀራ ሳይጋገርበት ማለት ነው። ልጆቹን በቻርጀር መቆጣቱን ይተዉትና ወደ ማዕድ ቤትና ወደ መታጠቢያ ቤት ይግቡ፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው።

ኪሎዋት ሰዓትና የታሪፍ ደረጃ ምን ማለት ነው?

1,000 ዋት የሚስብ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ፈጀ ይባላል። ቆጣሪው የሚቆጥረው ይህንን ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ የተከፈለ ሲሆን እርከኖቹ 50፣ 100፣ 200፣ 300፣ 400፣ 500 እና ከዚያ በላይ ኪሎዋት ሰዓት በወር ናቸው። ከፍ ወዳለው እርከን በገቡ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። የመጀመሪያው 50 በጣም ርካሽ ነው፤ ከ500 በላይ ያለው ደግሞ ከሁሉ የተወደደው።

ይህ ለሚቆጥብ ሰው ትልቅ ዕድል ነው። በወር 220 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጅ ቤት 30 ቢቀንስ የሚቀነስለት ከርካሹ ሳይሆን ከውዱ በኩል ነው፤ ከ200 በታች መውረዱ ራሱ አንድ እርከን ያወርደዋል። ስለዚህ ባለፉት ሦስትና አራት ወራት ስንት እንደፈጁ ከቢልዎ ላይ ይመልከቱና ለየትኛው የእርከን ወሰን ቅርብ እንደሆኑ ይወቁ።

የሕዳሴው ግድብ ተመርቆ ሳለ ለምን እንቆጥባለን?

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። ሁላችንም ያዋጣንበት ሀብት ስለሆነ ጥያቄው ከልብ የሚነሳ ነው። ይሁን እንጂ ጉባ ላይ የመነጨው ኃይል እርስዎ ቤት እስኪደርስ ረጅም መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ የሰፈር ትራንስፎርመርና ሽቦ ያልፋል። ብዙ ሰፈር መብራት የሚቆራረጠው በኃይል እጥረት ሳይሆን በዚህ መንገድ መጨናነቅ ነው። ቢሉ ደግሞ የሚመጣው በእርስዎ ቆጣሪ ልክ ነው፤ ኃይሉ ከየትም ይምጣ።

እንጀራ ስጋግር እንዴት ልቆጥብ?

በዚህ ጥያቄ ላይ ብቆይ አይፈረድብኝም፤ በአብዛኛው ቤት ትልቁ ቁጠባ የሚገኘው ከምጣዱ ነውና።

በመጀመሪያ፣ ማጋሉ ራሱ ወጪ ነው። ምጣዱ እስኪግል 15 ደቂቃ ከፈጀ፣ አንድም እንጀራ ሳይወጣ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሄዷል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ የሚጋግር ቤት ይህንን ሦስት ጊዜ ይከፍላል። ጠቅልሎ አንድ ጊዜ የሚጋግር አንድ ጊዜ ብቻ ይከፍላል፤ ልዩነቱ በወር 7.5 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። «እንጀራው ይሻግታል» የሚለው ሥጋት ትክክል ነው፤ በተለይ በክረምት ከአራት ቀን በላይ ማቆየት ያስቸግራል። ለዚህ የተሻለው መፍትሔ የቆየው የጉርብትና ልማድ ነው። እርስዎ ሲጨርሱ ጎረቤትዎ በጋለው ምጣድ ይቀጥላሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ እርስዎ ወደ እነርሱ ይሄዳሉ። በኮንዶሚኒየም አንድ ወለል ላይ የሚኖሩ ሦስት ቤተሰቦች እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ ኤሌክትሪኩን የሚያስመዘግበው ቆጣሪ በየተራ ስለሚሆን ሒሳብም አይጠያየቁም።

ሁለተኛው ነገር ዝግጅት ነው። ምጣዱን ከለኮሱ በኋላ ሊጥ ማቅጠን፣ ማሰሻ መፈለግ፣ ሰፌድ ማጠብ ገንዘብ ማቃጠል ነው። አብሲቱ ገብቶ ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ፣ ሁሉም ዕቃ በእጅ ርቀት ከተደረደረ በኋላ ይለኩሱ። አክስቴ ስትጋግር ዓይኔን ከእጇ ላይ አልነቅልም። የሊጡ ጆግ በቀኝ፣ ሰፌዱ በግራ ነው። አክንባሎው ተነስቶ እንጀራው በሰፌድ ሲወጣ፣ ማሰሻው አንድ ጊዜ ሸክላው ላይ ዞሮ ሊጡ ወዲያው ይከተላል። አክንባሎው ተከፍቶ የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ይህ ቀልጣፋነት ቁጥርም አለው፤ 25 እንጀራ ሲጋገር በእያንዳንዱ መካከል ምጣዱ ግማሽ ደቂቃ ባዶውን ቢቆይ 12 ደቂቃ ተኩል ይሆናል፤ ይህም ከ0.7 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው።

አክንባሎው ከምጣዱ ጠርዝ ጋር በደንብ መግጠም አለበት። የተጣመመ ከሆነ እንፋሎቱ በጎን ሲያመልጥ በዓይን ይታያል፤ እንጀራውም ቶሎ አይበስልም፣ ዓይኑም አያምርም።

የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩዎት ያጥፉት። ሸክላ ሙቀት ይይዛል፤ በያዘው ግለት ይጋገራሉ። ከዚያም በኋላ ምጣዱ ለረጅም ጊዜ ሞቆ ስለሚቆይ ተልባ ይመሱበት፣ ወይም የተረፈውን እንጀራ ቆራርሰው ድርቆሽ ያድርቁበት።

በሸክላውና ከሥሩ ባለው ቆርቆሮ መካከል ሙቀት የሚከለክል ነገር የሌለው ምጣድ መሬቱንና አየሩን ያሞቃል። አዲስ ሲገዙ ከሥሩ ምን እንደተደረገበት ይጠይቁ፤ ቀጠን ያለ ሸክላ ቶሎ እንደሚግልም አይርሱ። ሲጋግሩ ከሥር እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ከወረደ ያ ሁሉ የሚከፍሉበት ነው።

ምጣዴ ከተጠገነ በኋላ ሶኬቱ ይግላል። ለምን ይሆን?

ሊሆን የሚችለው ይህ ነው። ባለሙያው የተቃጠለውን የምጣድ ሽቦ ቆርጦ ጫፍና ጫፉን ሲያገናኝ ሽቦው ያጥራል። ሽቦ ሲያጥር ተቃውሞው ስለሚቀንስ ብዙ ኃይል ይስባል። ጤነኛው ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር አካባቢ ይወስዳል፤ ይህ ራሱ ለተራ ሶኬት የመጨረሻው ልክ ነው። ሽቦው ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተቀጠለ ልኩን ያልፋል፤ ሶኬቱ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል። ሽቦው ሙሉ በሙሉ በአዲስ ይቀየር። በእኔም ቤት እንዲህ ያለ ጥገና አንድ ሶኬት አቅልጦብናል፤ ቶሎ የደረስንበት የተቃጠለ ፕላስቲክ ስለሸተተን ነው።

ምጣድን በማከፋፈያ ገመድ ላይ ጨርሶ አይሰኩ። ከቆጣሪው በቀጥታ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። የጋለ ሶኬት አደጋ ብቻ ሳይሆን ብክነትም ነው፤ እዚያ የሚጠፋውን ሙቀትም ቆጣሪው ይቆጥረዋል።

የምጋግርበት ሰዓት ለውጥ ያመጣል?

ለመኖሪያ ቤት በቀንና በማታ መካከል የዋጋ ልዩነት የለም። ነገር ግን ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ በሚለኩስበት ሰዓት፣ በተለይ አመሻሽ ላይና በበዓል ዋዜማ፣ ቮልቴጁ ይወርዳል። ከ220 ወደ 190 ቮልት ሲወርድ ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ወደ ሦስት አራተኛ ይቀንሳል። ምጣዱ ቀስ ብሎ ይግላል፣ እንጀራው ይዘገያል፣ በዚህ በተራዘመው ጊዜ ሁሉ ደግሞ ሙቀቱ ወደ አየር እየሄደ ነው። አምፖሉ ሲደክም ካዩ ምጣድ የመለኮሻ ሰዓት አይደለም። ማለዳ ወይም ከምሳ በኋላ ይሻላል።

የውሃ ማሞቂያውን ሁልጊዜ ክፍት መተው ነው ወይስ ማጥፋት የሚሻለው?

ማጥፋት። «ሁልጊዜ ክፍት ሲሆን ሙቀቱን ብቻ ስለሚጠብቅ ይቆጥባል» የሚለው አባባል ስሕተት ነው። ጋኑ በቀዘቀዘ ቁጥር ራሱን እያሞቀ ቀኑን ሙሉና ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፤ በዚህ ብቻ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ሊያጠፋ ይችላል። በወር 30 ነው፤ ማንም ሳይታጠብበት።

50 ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። 1,500 ዋት የሆነ ማሞቂያ ይህንን በአንድ ሰዓት ተኩል ይጨርሳል። ስለዚህ ከመታጠቢያው ሰዓት በፊት ከፍተው፣ ቤተሰቡ ተከታትሎ እንዲታጠብ አድርገው መዝጋት ነው። አንዱ ማለዳ፣ አንዱ ቀትር ላይ፣ አንዱ ማታ የሚታጠብ ከሆነ ጋኑ ሦስት ጊዜ ይሞቃል። የሙቀት መቆጣጠሪያውን ደግሞ 60 ዲግሪ ላይ ያድርጉት። 75 ዲግሪ አሙቆ ከቀዝቃዛ ጋር መልሶ ማቀላቀል ትርፉ የጋኑን ብክነት ማብዛት ነው፤ ከ55 በታች ማውረድም ለጀርም ስለሚያመች አይመከርም።

አንድ ሰው በባልዲ ሲታጠብ 20 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል፤ እርሱን ለማሞቅ የሚፈጀው ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ገላን ለመታጠብ ስንት እንደሚበቃ ለማወቅ ይህን ቁጥር በአእምሮ መያዝ ጥሩ ነው። ጣሪያው የራስዎ ከሆነና አቅም ከፈቀደ፣ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ከክረምቱ ወራት በቀር አብዛኛውን ዓመት ይህን ወጪ ከላይዎ ላይ ያነሳልዎታል።

ፍሪጁስ?

ፍሪጅ በአንድ ጊዜ ብዙ አይስብም፤ ነገር ግን አያርፍም። የበሩን ጎማ ለመፈተሽ አንድ የብር ኖት በሩ ላይ አጣብቀው ይዝጉና ይሳቡት። ያለምንም መያዝ ከወጣ ብርድ በዚያ በኩል እየወጣ ነው። ጎማውን በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ ማጠብ ብቻ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ከግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት፣ ከምድጃ አጠገብ አያስቀምጡት፣ ትኩስ ወጥ ከነድስቱ አያስገቡ። በረዶው ከግማሽ ሴንቲሜትር ሲወፍር ያሟሙት፤ ወፍራም በረዶ ልብስ ነው፣ ቅዝቃዜው ወደ ምግቡ እንዳያልፍ ይከለክላል።

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ የማይገባበት ፍሪጅ አሁንም እስከ ጫፍ በተዞረ መቆጣጠሪያ ሲሠራ ይገኛል። ዝቅ ያድርጉት። ባዶውን ቦታ በውሃ ጠርሙሶች ይሙሉት፤ በሩ ሲከፈት የሚወጣው ቀዝቃዛ አየር ያንሳል፣ መብራት ሲጠፋም ቅዝቃዜው ረዘም ላለ ሰዓት ይቆያል። መብራት ሲሄድ ፍሪጁን ይንቀሉት፤ ከመጣ በኋላም አሥር ደቂቃ ያህል ይቆዩ። ተመልሶ ሲመጣ ከፍና ዝቅ የሚለው ኃይል የሞተሩ ጠላት ነው፤ የተቃጠለ ሞተር ደግሞ የዓመት ቁጠባ ይበላል።

ለወጥ የሚረክሰው ቡታ ጋዝ ነው ወይስ ኤሌክትሪክ ምድጃ?

በራስዎ ዋጋ የሚያሰሉበትን መንገድ ልስጥዎ። አንድ ኪሎ ቡታ ጋዝ 12.8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት አለው። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ብቻ ድስቱ ውስጥ ይገባል፤ ቀሪው በድስቱ ጎን ወደ ላይ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሚወስደው 70 በመቶ ያህሉን ለድስቱ ይሰጣል። ሁለቱን ስናስተያይ አንድ ኪሎ ቡታ ጋዝ የሚሠራውን ሥራ ኤሌክትሪክ ምድጃ ከ9 እስከ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይሠራዋል።

ስለዚህ በቢልዎ ላይ ያለውን ከፍተኛውን የእርከን ዋጋ በ10 ያባዙት። የአንድ ኪሎ ቡታ ጋዝ ዋጋ ከዚህ የሚበልጥ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ይረክሳል። በኢትዮጵያ ኤሌክትሪኩ ከአገር ውስጥ ውሃ ስለሚመነጭ፣ ቡታ ጋዙ ግን በውጭ ምንዛሪ ስለሚገባ፣ ሚዛኑ በአብዛኛው ወደ ኤሌክትሪክ ያደላል። ሆኖም ሲሊንደሩን አይሽጡት። መብራት በጠፋ ቀን ልጅ ሳይበላ እንዳያድር የሚያደርገው እርሱ ነው። የእኔ ምክር ኤሌክትሪኩን ዋና፣ ጋዙን መጠባበቂያ ማድረግ ነው።

ኢንደክሽን የሚባለው ምድጃ ድስቱን ራሱን ስለሚያሞቅ ከተራው የተሻለ ይቆጥባል። ግን ብረት ያለበት ድስት ይፈልጋል፤ ማግኔት ከሥሩ የማይጣበቅበት የአሉሚኒየም ድስትና የሸክላ ድስት አይሠሩበትም። ድስቱን ሁሉ መቀየር ካለብዎ ያን ወጪ አብረው ያስሉ።

ሲሊንደሩ እንዲበረክትልኝ ምን ላድርግ?

የእሳቱን ቀለም ይመልከቱ። ሰማያዊ ከሆነ በደንብ እየነደደ ነው። ቢጫ ከሆነና የድስቱ ሥር ጥላሸት ከያዘ ጋዙ ሳይነድ እያለፈ ነው። የምድጃውን ራስ አውልቀው ቀዳዳዎቹን በመርፌና በብሩሽ ያጽዱ። እሳቱ ከድስቱ ሥር ወጥቶ በጎን አይውጣ።

አዲስ አበባ ላሉ ሁሉ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላው፣ ሽምብራውና የበሬ ሥጋው ቶሎ የማይበስለው በዚህ ምክንያት ነው። ውሃው አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቢያበዙት ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ሲፈላ እሳቱን ዝቅ፣ ክዳኑን ግጥም። ፕሬዠር ኩከር የሚባለው በግፊት የሚያበስል ድስት በደጋ ከተማ ከቆላ ይልቅ ይጠቅማል፤ ውስጡ ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን ጥራጥሬ ከአንድ ሰዓት በታች ያደርሰዋል። ጥራጥሬን ሌሊቱን መዘፍዘፍ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

ቁሌቱን በአንድ ጊዜ አብስሎ ማስቀመጥም ብዙ ነዳጅ ያድናል። ሽንኩርት እስኪበስል ለእያንዳንዱ ወጥ ለየብቻ ከመቆም፣ እሑድ ቀን በትልቅ ድስት ተሠርቶ በየመጠኑ ተከፋፍሎ በፍሪጅ በረዶ ቤት ከተቀመጠ ሳምንቱን ሙሉ ወጥ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል። ለበዓል ዶሮ ወጥም ቁሌቱን ከዋዜማው አስቀድሞ መሥራት፣ ቮልቴጁ ከሚወርድበትና ሲሊንደር ከሚጠፋበት ሰሞን ያድናል።

ሲሊንደሩ ከወትሮው ቀድሞ ካለቀ ማፍሰሱን ይጠርጥሩ። የሳሙና አረፋ በማሰሪያውና በጎማው ላይ ይቀቡ፤ አረፋ ከተነፋ እዚያ ያፈሳል። በክብሪት አይፈትሹ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ላይ ይተኛል። ከሸተተዎት መብራት አያብሩ፣ አያጥፉም፤ በርና መስኮቱን ከፍተው ሲሊንደሩን ይዝጉ።

ወደ ከሰል ብመለስ አይሻልም?

ለቡና ካልሆነ አይሻልም። የማዳበሪያ ከሰል ዋጋ የወር ድምር ሲሠራ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በተዘጋ ቤት ከከሰሉ የሚወጣው ጭስ የሌለው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም ሳይኖረው ይገድላል። በተለይ በክረምት ቤት ለማሞቅ ከሰል አስገብቶ መተኛት በማንኛውም ቁጠባ ስም መደረግ የለበትም።

አምፖል መቀየር ያን ያህል ጥቅም አለው?

የድሮዎቹ ባለ ክር አምፖሎች ካሉ አዎ። አምስት ባለ 60 ዋት አምፖሎች በቀን አምስት ሰዓት ሲበሩ በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳሉ። በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ሲቀየሩ ወደ 7 ይወርዳል። ቀድመው ከቀየሩ ግን ከአምፖሉ ብዙ አይጠብቁ።

ቴሌቪዥንና ሪሲቨር በሪሞት ብቻ ሲጠፉ ይቆጥራሉ?

ይቆጥራሉ። 10 ዋት የሚስብ የዲሽ ሪሲቨር ሌት ተቀን ተሰክቶ ሲውል በወር 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ማብሪያ ማጥፊያ ባለው ማከፋፈያ ላይ ሰክተው ሲተኙ ማጥፋት ይበቃል።

ገበያ ላይ ያለው «ኃይል ቆጣቢ» ሶኬት ላይ የሚሰካ ሣጥን ይሠራል?

አይሠራም፤ ገንዘብዎን አይስጡ። የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ የሚቆጥረውን ኃይል እንዲህ ያለ ሣጥን አይቀንሰውም። ቆጣሪ የሚያዘገይ ሰው አለ ቢሏችሁም ወንጀልም አደጋም ነው።

ከአከራዬ ጋር በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው። ምን ማድረግ እችላለሁ?

ይህ የብዙ ተከራይ ቁስል ነው። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም የሦስቱም ፍጆታ አብሮ ይቆጠራል፤ ድምሩ በፍጥነት ወደ ውዱ እርከን ይወጣል። ለየብቻ ቢቆጥቡ እንኳ ቢሉ በሰው ቁጥር ከተከፈለ የቆጠበው ላባከነው ይከፍላል።

ከአከራዩ ጋር በሰላም ተነጋግሮ በየቤቱ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት የተሻለው መንገድ ነው። ዋጋውን ተከራዮች ቢጋሩትም ያዋጣል። ወሩ ሲያልቅ የእያንዳንዱ ንባብ ይደመርና ቢሉ በድርሻ ይከፈላል። «ምጣድ ያለው ይህን ያህል፣ ምጣድ የሌለው ያን ያህል» የሚለው በዓይን ግምት የሚሠራ ክፍፍል ግን ከጎረቤት ያጋጫል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚጋግረውንና በየቀኑ የሚጋግረውን አይለይም።

ቆጣሪዬ በትክክል እንደሚቆጥር እንዴት አውቃለሁ?

ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ይንቀሉ፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ከዚያ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ብልጭ የምትል ቀይ መብራት ለጥቂት ደቂቃዎች ይመልከቱ። ምንም ሳይሰካ ብልጭ ካለች መስመር ውስጥ የሚያፈስ ኃይል ወይም ከእርስዎ ቆጣሪ የሚስብ ሌላ ሰው አለ። ከብሬከሮቹ አንድ በአንድ እያጠፉ የትኛው መስመር እንደሆነ ይለዩት፤ ፍለጋውን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይተዉ።

ቢሉ ሲመጣ ደግሞ የተጻፈውን ንባብ ከቆጣሪው ቁጥር ጋር ያስተያዩ። ቢሉ ላይ ያለው ከቆጣሪው ከበለጠ በግምት ተሞልቶ ሊሆን ስለሚችል የቆጣሪውን ፎቶግራፍ ከነቀኑ ይዘው ወደ አገልግሎት ማዕከሉ ይሂዱ።

የቤት ሠራተኛችን መብራት ታባክናለች። እንዴት ላስረዳት?

መጀመሪያ እርግጠኛ ይሁኑ። ቢል ሲጨምር ወቀሳው ቀድሞ የሚያርፈው በእሷ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያለ ማስረጃ። ምጣዱን የምትለኩሰው፣ ካውያውን የምትሰካው እሷ ስለሆነች ስለ ቤቱ ኃይል ከእኛ የበለጠ የምታውቀው እሷ ናት። ቆጣሪውን አሳዩአት፣ ንባቡን አስተምሯት፣ የቁጠባውም ተካፋይ አድርጓት። ካውያን በየቀኑ ለአንድ ሸሚዝ መሰካት የለባትም፤ ይህን የምታደርገው ግን የቤቱ ሰው በየማለዳው አንድ ሸሚዝ ስለሚሰጣት ነው።

በእኛ ቤት የማዕድ ቤቱ በር ላይ በክር የታሰረ ባለ 50 ሉክ ደብተርና እርሳስ አለ። ከእኛ ጋር የምትኖረው ልጅ ጠዋትና ማታ የቆጣሪውን ቁጥር ትጽፍበታለች። በሁለተኛው ሳምንት ደብተሩን ይዛ መጣችና ምጣድ ያልተለኮሰበትን የማክሰኞና የረቡዕ ሌሊት በጣቷ አሳየችኝ። ሁላችንም ተኝተን ሳለ ቁጥሩ በየሌሊቱ በሁለት ይጨምራል። አብረን ስንፈልግ የውሃ ማሞቂያው መብራት በመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ ቀይ ሆኖ በርቶ አገኘነው። ማታ የምታጠበው እኔ ነኝ፤ ሳልዘጋው የተኛሁትም እኔው ነበርኩ።